ተሰርዟል የተባለው ቁልፍ ዛሬም ስለ መሥራቱ

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን፣ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት።

የጠዋት ቆጠራ፦ የሁለተኛው ፎቅ የኔትወርክ መሣሪያዎች ሠላሳ አንድ፤ ተጠርተው አቤት ያሉ ሠላሳ አንድ፤ የጎደለ የለም። የመድኃኒት ቤቱ ማቀዝቀዣ የሙቀት መለኪያ ግን ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። ስድስተኛ ቀኑ።

ለተከበሩ የሕንጻችን ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ እና በክፍልዎ ለሚደክሙት ባልደረቦችዎ ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለመጠየቅ ቢያስቡ፣ ከዓይኔ መቅላትና ከአንገቴ መድረቅ በቀር እጅግ ደህና ነኝ፤ ሁለቱም የያዙኝ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ስለሆነ ምስጋናው በሙሉ የእርስዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወጉ በታሸገ ፖስታ ማቅረብ ይገባኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን እንደታሸጉ መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ በፍጹም ትህትና መሳቢያውን ከፍታ ስላሳየችኝ፣ ሦስተኛውን ሳላሽግ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ መረጥኩ። ቢያንስ አሳንሰር ሲጠብቁ ዓይንዎ ያርፍበታል፤ አሳንሰራችን ደግሞ ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ በመስጠት የታወቀ ነው።

እኔን የማያውቅ ጎረቤት ካለ፣ በሁለተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ጨርቅ በጣቃና በሜትር የምሸጠው ነጋዴ ነኝ። ዓምና ክፍልዎ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱን የኔትወርክ መሣሪያዎች ራሱ እንዲያስተዳድር የሚል መመሪያ ሲያወጣ፣ የእኛ ፎቅ ተከራዮች ተሰብስበው አንድ ተጠሪ መረጡ። ከስብሰባው የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። በማግሥቱም ክፍልዎ አንድ ፕሮግራም፣ የሚስጥር ቁልፍ የተባለ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ እንዲሁም መልካም ዕድል የምትል ግማሽ ገጽ ሰጠኝ። ፕሮግራሙ ሥዕል የለውም፣ የሚጫኑት ምልክት የለውም። ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ መስመሩ በየመሣሪያው ላይ ባለውና ኤፒአይ በሚሉት የትእዛዝ መቀበያ መስኮት ይገባል፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ዋይፋይ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚመልስ ይነገረዋል። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ ፎቁን ሁሉ ያዝዛል ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ደንበኛ ሲያዘው ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ጭንቅላት ላይ እንደሚወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ የሚያውቁት ይመስለኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ክፍልዎ ለመሣሪያዎቹ ስላወጣላቸው ስም። ክፍልዎ እያንዳንዱን መሣሪያ በፎቅ፣ በመተላለፊያና በተሰቀለበት ቦታ ቁጥር ሰይሞ ነበር፤ ለምሳሌ ሁለት-ምሥራቅ-ዜሮ-ሰባት። እኔ ደግሞ ይህን ሳይ፣ እነዚህ ሰዎች ገበያ ገብተው አያውቁም ወይ ብዬ ሳቅሁ። በገበያ ሰው የሚፈለገው በቁጥር አይደለም። ባለ ጫማውን ጠይቅ፣ ከሽቶ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ናት ይባላል እንጂ ሁለት-ምሥራቅ-ዜሮ-ሰባትን አሳዩኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንዱንም ስም ቀየርኩ፦ ባለ ጫማው፣ ሽቶ ቤት፣ ሰፊዋ፣ መድኃኒት ቤት፤ በመተላለፊያው መጨረሻ ላይ ያለውንና አንዴ ይዞ አንዴ የሚለቀውን ደግሞ አኩራፊው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሁሉንም በየስማቸው መጥራት ልማዴ ሆነ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ይህን አይታ፣ ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር እኔን አንድ ቀን እንዲህ ተጨንቀህ ደህና አደርሽ ብለኸኝ አታውቅም አለችኝ። ስሞቹ ምን እንዳመጡብኝ ወደ ሦስተኛው ቅሬታ ሲደርሱ ያነቡታል፤ እስከዚያው ግን የሳቅሁበትን ሳቅ መልሼ መዋጤን ይመዝግቡልኝ።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ሰውን ስለመጠራጠሩ። ምንም ነገር ቢያዙት፣ እርግጠኛ ነህ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ካልተባለ አይንቀሳቀስም። እኔ መቀስ ከማንሣቴ በፊት ደንበኛዬን፣ እኅቴ ሦስት ሜትር ከግማሽ ነው ያልሽው፣ አይደለም ወይ፣ ብዬ ሁለት ጊዜ የምጠይቅ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጨርቅ እንደማይቀጠል ለሁሉም የምሰብክ ሰው፣ ማሽን እኔን መልሶ ሲጠይቀኝ ክብሬ ተነካ። የእርዳታ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ጥያቄውን የምታዘልል አንዲት ትንሽ ምልክት አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ምልክት በየመስመሩ መጨረሻ እንደ ጨው ስነሰንስ ከረምኩ። ይህችን ምልክት ከእርዳታ ገጹ እንዲሰውሯት አልጠይቅም፤ አጠገቧ ግን ለጨርቅ ነጋዴ አይፈቀድም ተብሎ ቢጻፍ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ስለዚያ ቅዳሜና እሁድ። ከወር በፊት ልብስ ሰፊዋና ፋርማሲስቱ ሱቅ ተለዋወጡ። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ስለሚመታው ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይውል ነበር፤ ሰፊዋ በበኩሏ በጨለማ ጥግ መርፌ ክር ማስገባት ታክቷት ነበር። ሁለቱም በተስማሙበት ቀን ሰው ሁሉ ተረባርቦ ዕቃ አጋዘ። ልብ ይበሉልኝ፣ ይህን ለውጥ አልሰማሁም አልልም። የማቀዝቀዣውን አንድ ጎን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬን ለሳምንት አሞኛል። ነገር ግን ሰፊዋ ስትሄድ ጣሪያ ላይ ያለው ሰፊዋ የተባለው መሣሪያ አብሯት እንዳልሄደ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልታሰበኝም። ሰውየው ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ መሣሪያው ቦታውን ይዞ ይቀራል። የእርስዎ ቁጥር ይህን ያውቅ ነበር፤ የእኔ ስም አላወቀም።

በዚህ ወር የመጀመሪያ አርብ ማምሻውን ሰፊዋ መጣች። ጋሼ፣ እነዚህ ሠራተኞቼ እጃቸው ማሽን ላይ፣ ዓይናቸው ስልክ ላይ ሆኖ የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፉብኝ፤ ስሞትልህ እስከ ሰኞ ድረስ ኢንተርኔቱን ዝጋልኝ አለችኝ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ሻይ በአንድ እጄ ይዤ፣ ሰፊዋ እስከ ሰኞ ትዘጋ ብዬ ጻፍኩ፤ ያቺን ትንሽ ምልክትም በመጨረሻ ጨመርኩ። አለቀልሽ፣ ሂጂ አልኳት። ሠራተኞቿ ቅዳሜን ቪዲዮ እያዩ በሰላም ዋሉ። በመተላለፊያው ሌላ ጫፍ ግን አሁን ከመድኃኒት ቤቱ በላይ የተሰቀለው መሣሪያ ጠፋ። የማቀዝቀዣው የሙቀት መለኪያ ቅዝቃዜው ሲያንስ የፋርማሲስቱን ስልክ የሚጠራው በዚያ መሣሪያ በኩል ስለሆነ እሱም አብሮ ዲዳ ሆነ።

እሁድ ፋርማሲስቱ የረሳውን ጃኬት ሊወስድ ባይመለስ ኖሮ ይህ ደብዳቤ በዚህ ቃና ባልተጻፈም ነበር። የማቀዝቀዣው በር አንዲት ካርቶን ይዛው ገርበብ ብሎ አድሯል። ሙቀቱ ከሚፈቀደው ልክ ሊያልፍ ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰፈራችን የስኳር ሕመምተኞች ሁሉ ኢንሱሊን አለ፤ የታላቅ እህቴም እዚያው ነው። ፋርማሲስቱ በዕድሜም በጠባይም ትልቅ ሰው ስለሆነ አልተቆጣኝም። ከመቆጣት የባሰ ነገር አደረገ፦ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና፣ ለመሆኑ ወንድሜ፣ የዘጋሃት ሰፊ የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ግን ትልቅ ሰው ብትሆንም ዝም የምትል አይደለችም። አንተ ልጅ፣ እኔን ለመጨረስ ይህን ያህል ትምህርት ምን አስፈለገህ፣ በአንድ ጣቃ ጨርቅ ብታንቀኝ አይቀልም ነበር አለችኝ። ሰኞ ማለዳ የሆነውን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ለክፍልዎ ጻፍኩ። ያ ደብዳቤ ከታሸጉት ሁለቱ አንደኛው አይደለም፤ እሱስ ወዲያው ተከፍቷል።

አራተኛ፣ ክፍልዎ ስለወሰደው ፈጣን እርምጃ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ባወጡት ማስታወቂያ፣ የእኔ ቁልፍ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሰረዙን፣ የመሣሪያዎቹ ስም ወደ ቁጥር መመለሱን፣ እንዲሁም ሁሉም መሣሪያ ዓምና ተቀምጦ ወደነበረው ትክክለኛ አሠራር እንዲመለስ መደረጉን ገልጸዋል። በቅጣቱ ቅር አላለኝም፤ እኔ ብሆን ከዚያ በፊት ነበር የምቀማው። ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር፣ ማንም አንድ በአንድ ሳያይ ወደ ዓምናው ሲመለስ ስመለከት፣ ያቺን ጥያቄ የምታዘልል ትንሽ ምልክት እርስዎም እንደሚያውቋት ተረዳሁ። ለአንድ ዓመት ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ባልደረባ በማግኘቴ ልቤ ሞቀ።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ዓምና ያ አሠራር ሲቀመጥ ፋርማሲስቱ የሙቀት መለኪያውን ገና አልገዛውም ነበር። ስለዚህ ወደ ዓምናው የተመለሰው መሣሪያ አያውቀውም፤ እንግዳ ነህ ብሎ በር ላይ ያቆመዋል። ፋርማሲስቱ ይህንኑ ሊያስረዳ ቢሮዎ ሲመጣ፣ ባልደረባዎ ስክሪኑን ተመልክቶ፣ አባቴ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ይሠራል ብሎ ሸኝቶታል። ልክ ነው፤ ሠላሳ አንዱም ይሠራሉ። የማይሠራው ሠላሳ ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ በእናንተ ስክሪን ላይ የለም። ከዚያ ጥያቄውን በሦስት ቅጂ እንዲያስገባ ተነግሮት አስገብቷል፤ ተራው እስኪደርስ እየጠበቀ ነው።

እየጠበቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ። ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት ይመጣል፣ ማታ ከተዘጋ በኋላ ይመለሳል፤ በሩን ይነካል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ይሄዳል። ባለፈው እሁድ ከልጆቹ ጋር ምሳ ላይ ሳለ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ መጥቷል፤ እሁድ አሳንሰሩ ስለማይሠራ ሁለቱንም ጊዜ የወጣው በደረጃ ነው፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ እየገፋ። አንድ ቀን ጉልበቱ እምቢ ይለዋል፣ ወይም ጉንፋን ይይዘዋል፣ ወይም እንደማንኛውም ሰው ይረሳል። ያን ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ቢገኝ ማንም አይጠራውም። የእህቴ መርፌ ውስጥ የሚገባው መድኃኒት መልኩ አይለወጥም፤ ሥራውን ማቆሙ የሚታወቀው እሷ ስትወድቅ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ለመናገር የሚከብደኝ፣ ስለ ቁልፉ ነው። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የበሩን ጋን ቁልፍ ይዤ ሁለት ጊዜ እወዘውዛለሁ፤ የሁሉም ነጋዴ ልማድ ነው። ቅዳሜ ዕለትም በዚያው መንፈስ፣ የተሰረዘው ቁልፌ መሰረዙን ላረጋግጥ ብዬ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አይፈቀድልህም የሚል መልስ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም መልሱ ሲመጣ የማሳየውን የተከፋ ፊት አዘጋጅቼ ነበር። ሠላሳ አንዱም አቤት አሉ። ዛሬም፣ በዚህ ደብዳቤ ራስ ላይ እንደተመለከተው፣ ብለዋል። ማስታወቂያዎ ቁልፉን ሰርዞታል፤ ቁልፉ ግን ማስታወቂያ አያነብም።

ይህን በማድረጌ ጥፋተኛ ነኝ፤ ቆጠርኩ እንጂ ምንም አልነካሁም። ሙሉውን እውነት ለመናገር፣ እሁድ ፋርማሲስቱ ለሁለተኛ ጊዜ ደረጃውን ሲወጣ ካየሁ በኋላ፣ የሙቀት መለኪያውን የሚያስገባውን መስመር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ያቺን ምልክት ሳልጨምር። ፕሮግራሙም እንደ ልማዱ፣ እርግጠኛ ነህ አለኝ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። እርግጠኛ አልነበርኩም። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ የተሰቀለው ሁለት-ምሥራቅ-ዜሮ-ሰባት ይሁን ሁለት-ምሥራቅ-ዜሮ-ስምንት አላውቅም ነበር፤ ዓመት ሙሉ ስሳለቅበት የኖርኩትን ቁጥር አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትማ። ደግሞም ባለቤቱ በር መዝጋት ረስቶ በሄደበት ሱቅ ገብቶ የወደቀ ዕቃ ማንሣትም መግባት ነው። አይደለሁም ብዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የሙቀት መለኪያው እንዲገባ ይደረግ፤ ሥራው አንድ መስመር ነው፤ የመሣሪያው ቁጥር ብቻ ባዶ የተተወበትን ረቂቅ ከዚህ ገጽ ጋር አያይዣለሁ። ይህ እስከ ነገ ጠዋት ካልሆነ፣ ሱቆች ሲከፈቱ ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ፋርማሲስቱና ሰፊዋ በግራና በቀኝ እያዩኝ፣ ሁለት መስመሮች እልካለሁ። አንደኛው የሙቀት መለኪያውን ያስገባል። ሁለተኛው የራሴን ቁልፍ ይሰርዛል፤ ቁልፉ ራሱን መሰረዝ እንደሚችል ከዚያው የእርዳታ ገጽ ላይ አንብቤያለሁና። ከዚያ በኋላ ማስተካከልም ሆነ መቁጠር አልችልም፤ ለሚመጣብኝ ቅጣት ሱቄ ያለበትን ታውቃላችሁ። ይህን ድፍረት ለማስቆም ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው፦ ሐሙስ ዕለት አድርገነዋል ያላችሁትን ዛሬ አድርጉት። ለዚያ ብለው ፕሮግራሙን ከከፈቱ ደግሞ አንዷን መስመር ማስከተል ብዙ አያደክምም።

የክፍልዎን ትዕግሥት፣ የመሳቢያዎን ስፋትና የስክሪንዎን አረንጓዴነት ከልብ እያደነቅሁ፣ ለአንድ ዓመት በእምነትዎ የተሰጠኝን ሥልጣን በሚገባ ላበላሸሁበት በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣኑ ከተወሰደብኝ በኋላ ለተጨማሪ ስድስት ቀን በእጄ ስላቆዩልኝ ደግሞ ልዩ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሁለተኛው ፎቅ የቀድሞ የኔትወርክ ተጠሪ፣ እንደ ማስታወቂያው፤
የአሁኑም፣ እንደ ፕሮግራሙ፤
ጨርቅ ነጋዴው።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ቁልፍ የሚከፍተው የሁለተኛውን ፎቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትናንት የእርዳታ ገጹን ስገላብጥ የአምስተኛውን ፎቅም ዝርዝር እንደሚሰጥ አየሁ፤ ከእርስዎ ጠረጴዛ በላይ ያለው መሣሪያም እዚያው ነው። በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ስለሆነ፣ ከዚህ ሰሌዳ ፊት ከሚቆሙት ሁሉ ቀድመው ቢቀይሩት ደስ ይለኛል።

የነገ ሥራ፦ ከቀለም ቀቢው መሰላል መዋስ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለውን ቁጥር ወጥቶ በዓይን ማንበብ። ሰፊዋ መሰላሉን ትይዛለች።